ከዣንጥላ የተሰፋ ሻንጣ

ስለ ሴት ጀርባ ትንሽ ላውራችሁ። አትደንግጡ፤ የማወራው ስለ ሸክም ነው። በእኛ አገር፣ ማለቴ በዋግ፣ የሴት ጀርባ ባዶውን የሚታይበት ጊዜ ጥቂት ነው። ጠዋት ጀሪካን ይጫንበታል፣ ከሰዓት ጭራሮ ይታሰርበታል፣ በገበያ ቀን እህል ይወጣበታል፣ በመካከሉ ደግሞ ልጅ ይታዘልበታል። ገመዱ ትከሻዋን ሰርስሮ ቢገባ፣ ወገቧ ቢቆለመም፣ «እህቴ፣ ይህን ነገር በሌላ መንገድ ብትሸከሚውስ?» ብሎ የሚያስቆማት የለም። አንዳንዱ እንዲያውም እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ «አይዞሽ» ብሏት ያልፋል። ታዲያ ይህችው ሴት አንድ ቀን ሸክሟን የሚያቀልላት ነገር ብታገኝ፣ ያን ጊዜ አገር ይቆማል። ምንድን ነው የያዝሽው? ማን ፈቀደልሽ? ከየት የመጣ ፋሽን ነው? ሸክሙ ሲያስለቅስ ያልነበረ ሰው ሁሉ፣ ሸክሙ ሲመች ኮሚቴ ሆኖ ይመጣል።

ይህን የምለው አንብቤ አይደለም። በገዛ ጀርባዬ ያየሁት ነው።

በዘጠናዎቹ ዓመታት ሰቆጣ ውስጥ ክትባት ሰጪ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቴን ስም አልጠራም፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ሰዎች ሌሎች ናቸው፣ በሌላ ሰው ዘመን በተሠራ ነገር ማን ይወቀሳል? ሥራዬ በወረቀት ላይ ሲታይ አጭር ነው፦ ክትባቱን ሰቆጣ ካለው ማቀዝቀዣ ተረክቦ፣ ሳይሞቅና ሳይሰበር ሕፃናቱ ዘንድ ማድረስ። በእግር ሲኬድ ግን ይረዝማል። መንገድ እስካለ ድረስ በጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ጋር እጫናለሁ፤ መንገዱ ሲያልቅ እኔ እጀምራለሁ። ወረዳው ጋዝጊብላ ሲሆን ብርዱና ዳገቱ፣ ፃግብጂ ሲሆን ሙቀቱና ገደሉ።

ያኔ የምሸከመው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የክትባቱ ሳጥን ነው፤ ውስጡ በረዶ የሚደረደርበት፣ ቀጭን ማንገቻ ያለው ሰማያዊ ሳጥን። ሁለተኛው በፊርማ የተረከብኩት አረንጓዴ የሸራ ሻንጣ ነው፤ መዝገቡ፣ መርፌው፣ ጥጡ፣ ጋቢዬ፣ ቆሎዬና ውሃዬ የሚገቡበት። ያ ሻንጣ ለማን ተብሎ እንደተሰፋ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባዶውን ያደክማል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ውሃውን ጠጥቶ ሌላ ሻንጣ የተጨመረበት ይመስላል። ሳጥኑን በቀኝ፣ ሻንጣውን በግራ አንግቼ ስወርድ ሁለቱም በየተራ ወገቤን ይደበድቡኛል። እንዳይወዛወዙ ሁለቱንም በሁለት እጄ እይዛለሁ፤ ከዚያ ድንጋይ የምጨብጥበት ሦስተኛ እጅ እፈልጋለሁ። ሦስተኛ እጅ ደግሞ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

አንድ የግንቦት ቀን ፃግብጂ ውስጥ ገደል ስወርድ የሳጥኑ ማንገቻ ተበጠሰ። ሳጥኑ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ተንከባለለ፤ የምይዘው መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ዘለለ። ክዳኑ ተከፍቶ በረዶው በአንድ በኩል፣ ብልቃጦቹ በሌላ በኩል በአለቱ ላይ ሲበተኑ ቆሜ አየሁ። ወርጄ አንዱ እንኳ ይተርፍ እንደሆነ ብዬ በአራት እግሬ ፈለግሁ። አልተረፈም።

ታች፣ በምከትብበት ሾላ ሥር እናቶቹ ተሰብስበው ነበር። ባዶ እጄን ደርሼ የሆነውን ነገርኳቸው። አብዛኞቹ ከንፈራቸውን መጥጠው ተነሱ። አንዲት ዓለምነሽ የምትባል ሴት ግን አልተነሳችም። የመጀመሪያ ልጇን ኩፍኝ ወስዶባታል፤ ሁለተኛውን አዝላ ሁለት ሸንተረር አቋርጣ ነው የመጣችው። ሳጥኑ የወደቀበትን ገደል ቀና ብላ አየችውና፣

«እኔም በዚያው ነው የመጣሁት» አለች። «ልጄ ግን አልወደቀብኝም።»

ክፋት አልነበረባትም። እንደ ሆነው ነው የተናገረችው። ከዚያ ልጁን በአንቀልባ ወደ ጀርባዋ መለሰችው፤ ቆዳው ጀርባዋ ላይ ልጥፍ አለ፣ ማሰሪያው በሁለት ትከሻዋ ዞሮ ወገቧ ላይ ጠበቀ። ሁለት እጇ ነጻ ሆኖ፣ ድንጋዩን በአንዱ፣ ቁጥቋጦውን በሌላው እየያዘች ያን ዳገት ወጣች። እኔ እያየኋት ቆየሁ። የተሰደብኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየተማርኩ ነው።

ሰቆጣ ስመለስ ደብዳቤ ጠበቀኝ። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ስንታየሁ «በሥራዎ ላይ ባሳዩት ቸልተኝነት» ብለው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ሰጡኝ። እኔም በዚያው ቀን መልስ ጻፍኩ፤ «ቸልተኛው ማንገቻው ነው፤ ሁለት ጊዜ እንዲቀየርልኝ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ እርስዎ ጋ አሉ» አልኩ፤ ጀርባ ላይ የሚታሰር ሻንጣ እንዲሰጠኝም ጨመርኩበት። እንዲህ ያለ መልስ አይወደድም። ቢሮአቸው አስጠሩኝና፣

«የምትጠይቂው ዓይነት ሻንጣ በዕቅድ አልተያዘም» አሉኝ።

«መቼ ይያዛል?»

«ሲያዝ ትሰሚያለሽ።»

በራሴ ገንዘብ ላሰፋ ቆርጬ መጀመሪያ የሄድኩት አያ ኪሮስ ዘንድ ነው። አያ ኪሮስ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው ሱሪ የሚያሳጥሩ፣ ጥምቀት ሲደርስ የከተማውን ልብስ ሁሉ የሚሰፉ፣ ክራቸውም ወሬያቸውም የማይበጠስ ሰው ነበሩ። ሁለት ማንገቻ ያለው፣ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ፣ ቀላል ሻንጣ እንዲሰፉልኝ ነገርኳቸው።

«ለማን?»

«ለራሴ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ይኼ እኮ ወይ የወታደር ነው፣ ወይ የፈረንጅ ነው። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ።

«እርስዎ ካልሰፉልኝ ራሴ እሰፋዋለሁ» አልኩ።

«ስፊዋ! ስትጨርሺም አምጪና አሳዪን፤ እንማርበታለን።»

ስፌት ስለማውቅ አልነበረም እንደዚያ ያልኩት። ስለሳቁ ነው። ጥልፍ እጠልፋለሁ፤ የስፌት መኪና ግን በዕድሜዬ ነክቼ አላውቅም። በከተማችን መኪና ላይ ተቀምጦ የሚሰፋው ወንድ ነው፤ ሴት ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች፣ የተሰፋውን ታጥባለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም። እናንተ ታውቁ እንደሆነ ንገሩኝ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት እትዬ ትበርህ የልብስ ሰፊ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ሞላ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗል። መኪናዋ ያን ሁሉ ጊዜ ነጠላ ለብሳ ጓዳ ውስጥ ቆማለች፤ ላይዋ ላይ የጸሎት መጽሐፍና የመድኃኒት ጠርሙስ ይቀመጥባታል። የሚገዛት ብዙ መጥቶ ብዙ ተመልሷል። ስለዚህ ጥያቄዬን ከማቅረቤ በፊት ሁለት ቀን ጉሮሮዬን ስጠርግ ሰነበትኩ።

«እትዬ፣ መኪናዋን ቢያውሱኝ?» አልኳቸው በመጨረሻ።

ለራሳቸው በኽምጣኛ፣ በዋግ አገውኛ፣ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ሲናደዱም ሲያዝኑም ወደ ኽምጣኛ ስለሚገቡ የቱ እንደሆነ አላወቅሁም። ቆይተው፣

«ሞላ ሲሞት ወንድሞቹ መጥተው ነበር» አሉኝ። «ሴት ናት፣ ምን ታደርግባታለች ብለው መኪናዋን ሊወስዱ። በሩ ላይ ቆሜ አልሰጥም አልኩ። አልሰጠሁም። ግን እኔም አልሰፋሁባት። ሃያ ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ስዘመዝም ኖሬ፣ መርገጫዋን አንድ ቀን ረግጫት አላውቅም። ‹ያደናቅፍሻል› ይለኝ ነበር።»

«እርስዎስ ምን ይሉት ነበር?»

«እውነቱን ይመስለኝ ነበር።» ተነስተው መጽሐፉን አነሱ፤ ጠርሙሱን አነሱ፤ ነጠላውን ገፈፉ። «እስቲ ያደናቅፈኝ እንደሆነ እንይ።»

ብቻዬን ልሰፋ የነበረው ሻንጣ በዚህ ሁኔታ የሁለት ሴቶች ሆነ። ዘይት አጠጣናት፤ ደርቆ የተሰነጠቀውን ቀበቶዋን በአዲስ ጠፍር ተካንላት። መጀመሪያ ስትነሳ ድምፅዋ እንደ ታመመ ሰው ነበር። እትዬ ትበርህ አሮጌ ጨርቅ አስገብተው ረገጡ፤ ስፌቱ ጠማማ ሄደ፣ ክሩ ተቋጠረ፣ ተበጠሰ። ሁለተኛው ቀን ላይ ቀጥ አለ። ያን ቀን የሰፉትን ቁራጭ ጨርቅ አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ሲከቱት አይቻለሁ፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ሻንጣ እንዴት እንደሚሰፋ የተማርኩት ሻንጣ በማፍረስ ነው። ከሰልቫጅ ተራ ታቹ የተቀደደ የተማሪ ሻንጣ አግኝቼ ስፌቱን አንድ በአንድ ተረተርኩት። ቁራጮቹን መሬት ላይ ስደረድራቸው ያ ሁሉ ያስፈራኝ ነገር አንድ ጀርባ፣ አንድ ፊት፣ ሁለት ጎን፣ አንድ ታችና ሁለት ማንገቻ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሳቄ መጣ። ብዙ የሚያስፈራ ነገር ተርትረው ሲያዩት ሰባት ቁራጭ ነው።

ቀጥሎ ጨርቅ። ሸራ አልፈልግም፤ ከሸራ ነው የሸሸሁት። ቀላል፣ ውሃ የማይጠጣ፣ የማይቀደድ ጨርቅ ደግሞ ሰቆጣ ገበያ በሜትር አይሸጥም። ነፋስ የገለበጣት ጥቁር ዣንጥላዬ መፍትሔውን በሩ ጀርባ ተንጠልጥላ ይዛልኝ ኖራለች። ጨርቁን ከሽቦው ገፍፌ ሳነሳው እጄ ላይ ክብደት የለውም። ከዚያ በሰፈሩ የተሰበረ ዣንጥላ የለሽም ወይ እያልኩ ቤት ለቤት ዞርኩ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡና ዓይነት፣ አንዱ ትልልቅ ሮዝ አበባ ያለበት መጣልኝ። የዣንጥላ ጨርቅ ስምንት ሦስት ማዕዘን ነው። አንዱን በራስጌ፣ አንዱን በግርጌ እያደረግን ስናገጣጥማቸው ቀጥ ያለ ጨርቅ ወጣው። ሳጥኑ የሚያርፍበትን ታቹን ከማዳበሪያ ከረጢት ደራርበን ሰፋን። ማንገቻውን ጋራዥ ከቆመ አሮጌ መኪና ላይ ከተፈታ የወንበር ቀበቶ አደረግነው፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ቦታ ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ገባበት። ወገብ ላይ የሚታሰረውን አልረሳሁም፤ የዓለምነሽ አንቀልባ ዓይኔ ላይ ነበረ።

ችግሩ የዣንጥላ ጨርቅ መርፌ ሥር አይቆምም። ይንሸራተታል፣ ይሸበሸባል፣ መኪናዋ ትውጠዋለች። ላብ በላብ ሆኜ ልተወው ስል እትዬ ትበርህ፣ «ሞላ ስስ ጨርቅ ሲሰፋ ከሥሩ ጋዜጣ ያነጥፍ ነበር» አሉኝ። ከነጋዜጣው ሰፋን፤ ከዚያ ወረቀቱን ቀድደን ጣልነው። ሁሉም ግን አልወጣም። ውስጡን የገለበጠ ሰው «የተጠናከረ ርብርብ» የሚል ቁራጭ ስፌቱ ውስጥ ተቆልፎ ያገኛል። በዚያ ሻንጣ ውስጥ ከመንግሥት የመጣው አስተዋጽኦ ይኸው ነው።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጨርቁ አይደለም ያቆየን፣ በዓሉ ነው። እሑድ አይሰፋም፤ ቅዳሜም ሰንበት ናት አሉኝ እትዬ ትበርህ። ከዚያ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም። ከቢሮ ወጥቼ እስኪመሽ ባለችው ጊዜ ውስጥ መርፌ የሚፈቀድባትን ቀን መጠበቅ ራሱ ሙያ ነው። የመጀመሪያውን ስንጨርስ ድንጋይ ሞልቼበት ግቢውን ዞርኩበት፤ አራተኛው ዙር ላይ ማንገቻው ከላይ ተነቅሎ ድንጋዩ ተረከዜ ላይ ወረደ። እያነከስኩ ተረተርኩት። እትዬ ትበርህ የማንገቻውን ጫፍ በአራት ማዕዘን ሰፍተው በመካከሉ መስቀል አደረጉበት። «አሁን እኔ ካልፈቀድኩ አይነቀልም» አሉ። በአንዲት በርበሬ ነጋዴ ሚዛን ላይ አረንጓዴውንና የእኛን አስቀመጥን፤ የእኛው አራት ቢሆን የዚያን አንዱን አያክልም።

ለብሼው የወጣሁ ቀን ግን ሰቆጣ ሌላ ከተማ ሆነችብኝ። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ሩብ ሰዓት ነው፤ ያን ቀን ረጅም መንገድ ነበር። ሰው ይቆማል፣ ይዞራል፣ ይጠቋቆማል። መናኸሪያው ጋ የማውቃት ሴት፣

«ማንን አዘልሽ?» ብላ ጮኸች።

አጠገቧ ያለችው ቀበል አድርጋ፣ «ልጅ ቢጠፋ ጨርቅ አዘለች» አለችና ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ።

ነገሩን ላስረዳችሁ። አግብቼ ነበር። አራት ዓመት ልጅ ሳልወልድ ስቀር የባሌ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው መለሱኝ። ሰቆጣ ትንሽ ከተማ ናት፤ ይህን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ሳቁ የት ላይ እንዳረፈ ሁላችንም አውቀናል። ማለፍ እችል ነበር። ቆምኩ።

«የፃግብጂ ልጆች ክትባት የሚታዘልበት ነው» አልኳቸው። «የአንድ መንደር ልጅ ነው ዛሬ ጀርባዬ ላይ የሚወጣው። እናንተ ስንት ይዛችኋል?»

ሳቁ ቆመ። እኔም ማንገቻዎቹን ጠበቅ አድርጌ ሄድኩ።

በሩ ላይ አቶ ስንታየሁ ቆመዋል። ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰዋል፤ እስክሪብቶ ደረት ኪሳቸው ላይ ተሰክቷል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሻንጣ ነው።»

«የተረከብሽው የታለ?»

«ግምጃ ቤት አለ። መልሼዋለሁ።»

«ወጥነት የሚባል ነገር አለ!» አሉ። «ዣንጥላ አዝለሽ ሕዝብ ፊት ልትቀርቢ ነው? መሥሪያ ቤቱን ታሰድቢዋለሽ። አውልቂውና አረንጓዴውን ይዘሽ ውጪ።»

ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ ጸሐፊዋ ሁሉ ያዩናል። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ የመናኸሪያው ሳቅ ይሆናል።

«አላወልቅም» አልኩ። «ግን አረንጓዴውም ይምጣ። እርስዎ ያንግቱትና አብረን እንሂድ። ደርሰን ያጠፋሁት ካለ እዚያው ይጻፉልኝ፤ እፈርማለሁ።»

ጸሐፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ስንታየሁ አንዴ እኔን፣ አንዴ ተመልካቹን አዩ። ብቻችንን ብንሆን አባረውኝ ነበር። ሰው ፊት ግን «አልችልም» ማለት አልሆነላቸውም።

«እንሂድ!» አሉ። «ችግር አለው እንዴ?»

ችግር ነበረው። የጭነት መኪናው መንገዱ ያለቀበት አውርዶን የእግር መንገድ ስንጀምር ሻንጣውን በግራ ትከሻቸው አንግተው ነበር። ዳገቱ ሳይጋመስ ወደ ቀኝ አዞሩት። ከዚያ ወደ ግራ። ከዚያ አንገታቸው ላይ አጠለቁት፤ ከዚያ እንደ እንጨት ራሳቸው ላይ አወጡት። አሥራ አምስት ጊዜ ሲያዘዋውሩት ቆጥሬ ተውኩት። ውስጡ የነበረው መዝገብ፣ ጋቢያቸውና ምሳቸው ብቻ ነው። እኔ ሳጥኑን ከነበረዶው ሌላውንም ሁሉ ይዣለሁ። ላግዝዎት አላልኩም። ደግ ሴት ብሆን እል ነበር።

ገደሉ ላይ ስንደርስ ታቹን አዩ። እኔ ፊቴን ወደ አለቱ አዙሬ፣ በሁለት እጄ እየያዝኩ መውረድ ጀመርኩ። ሳጥኑ ጀርባዬ ላይ ልጥፍ ብሎ አብሮኝ ይወርዳል፤ አይወዛወዝም፣ አይመታኝም። አቶ ስንታየሁ ከላይ እየተከተሉኝ ሳለ ሻንጣው ከትከሻቸው ተንሸራትቶ ክንዳቸው ላይ ወደቀና ጎተታቸው። ጫማቸው ጠጠሩ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። በግራ እጄ የቁጥቋጦ ሥር ይዤ በቀኜ የእጃቸውን አንጓ ጨበጥኩ። ሻንጣው ሄደ፤ ሳጥኔ በሄደበት መንገድ እየዘለለ ሄደ። እሳቸው ግን ቆሙ።

ለረጅም ጊዜ አለቱን አቅፈን ቆየን።

«ያኔም እዚህ ነበር?» አሉኝ።

«እዚሁ ነው።»

የጻፉልኝን ደብዳቤ እያሰቡ እንደነበር አውቄአለሁ።

ሾላው ሥር የጠበቁን እናቶች ጥቂት ነበሩ። ከትበን ስንጨርስ ዓለምነሽ የለችም። ጎረቤቷን ጠየቅሁ።

«አትመጣም» አለችኝ። «‹ደግሞ ወደቀ ልባል ያን ሁሉ መንገድ አልሄድም› ብላለች።»

አቶ ስንታየሁ ጫማቸውን አውልቀው ግንዱን ተደግፈዋል። «በቃ፣ በሚቀጥለው ወር ትመጣለች» አሉ። ሳጥኑን ከፍቼ በረዶውን ነካሁት። እንዳለ ነው፤ ደረቅና ጠንካራ። ሳጥኑን ሻንጣው ውስጥ መልሼ ወገቤ ላይ አሰርኩትና ሁለቱን ሸንተረር ተያያዝኩት።

ዓለምነሽ ደጃፏ ላይ እህል ስታሰጣ አገኘኋት። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው። ሰላም አለችኝ፤ አላስገባችኝም።

«ክፈቺው፤ ልየው» አለች።

ከፈትኩት። እጇን ከትታ በረዶውን ነካች፤ ብልቃጡን ብርሃን ላይ አድርጋ አየች። ከዚያ ዞራ ከኋላዬ መጣችና ማንገቻውን በጣቷ ዳበሰችው፣ የወገቡን ማሰሪያ ሳበችው።

«ይኼ እኮ አንቀልባ ነው» አለች።

«አዎ» አልኳት። «ካንቺ ነው የሰረቅሁት።»

ትንሽ ፈገግ አለች። ልጁን አወረደችና እጅጌውን ራሷ ሰበሰበችልኝ። መርፌው ሲነካው ለቅሶውን ለቀቀው፤ የሳንባውን ጤና ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ የሰማሁት ለቅሶ እሱ ብቻ ነው።

ሰቆጣ ስንመለስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ይቅርታ ተጠየቅሁ? አልተጠየቅሁም። አቶ ስንታየሁ ሪፖርት ጻፉ፤ «በቦታው ተገኝተን ባደረግነው ክትትል አዲስ የሻንጣ አሠራር ቀይሰናል» የሚል። ማስጠንቀቂያዬ ግን ከፋይሌ ውስጥ ጠፋ። ማን እንዳወጣው ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከዚያ ለናሙና ሻንጣሽን አስረክቢ ተባልኩ። አላስረክብም አልኩ፤ በፊርማ የተሰጠኝ ንብረት አይደለም። ለኩት፣ ቆሜ አስለካሁት። የስፌቱን ጨረታ አያ ኪሮስ አሸነፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለክትባት ሰጪዎች ሁሉ ባለ ሁለት ማንገቻ አዲስ ሻንጣ ታደለ። ከምን የተሰፋ መሰላችሁ? ከአረንጓዴ ሸራ። ቅርጹን ወስደው ቅለቱን ትተውት መጡ። ዣንጥላ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረማ።

ባልደረቦቼ አንድ ሳምንት ተሸክመውት ከዣንጥላ እንድንሰፋላቸው አንድ በአንድ ወደ እኛ ግቢ መምጣት ጀመሩ። እትዬ ትበርህ መኪናዋን ከጓዳ አስወጥተው መንገድ ላይ በሚታየው በረንዳ አቆሟት። ሴት ከነመኪናዋ በረንዳ ላይ! አንድ ቀን አያ ኪሮስ ሲያልፉ ቆም ብለው የማንገቻውን ስፌት አገላብጠው አዩ።

«ይኼን መስቀል ማን አሳየሽ?» አሏቸው።

«ማንም» አሉ እትዬ ትበርህ፣ መርገጫዋን ሳያቆሙ።

አቶ ስንታየሁ ከሁለት ዓመት በኋላ መኪና ወደማይገባበት ወረዳ ተዛወሩ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ከሰዓት ግቢያችን በር ላይ ብቅ አሉ። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደዋል። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ እህሉ አወሩ። ወንበር ሰጠናቸው። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ያን... ያን ነገር፣ ለእኔም ይቻል እንደሆነ» አሉ። «ጥቁር ቢሆን።»

«ጥቁር አልቋል» አልኳቸው። «ያለው አበባው ነው።»

እትዬ ትበርህ ሮዝ አበባ ያለበትን ዣንጥላ ዘርግተው አሳዩአቸው። አቶ ስንታየሁ ጨርቁን አዩት። እጃቸው ላይ አድርገው መዘኑት። ስለ ወጥነት አንድ ነገር የሚሉ መስሎኝ ጠበቅሁ።

«ይሁን» አሉ።

በሳምንቱ መጥተው ወሰዱት። ማንገቻውን እኔው ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸው፤ የወገባቸውንም አሰርኩ። አበባው ከሱፋቸው ጋር አይሄድም ብዬ አልዋሻችሁም፤ ደምቆ ነበር። ጎንበስ ብለው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ሊወጡ ሲሉ ጠራኋቸው።

«አቶ ስንታየሁ፣ ቀና ይበሉ። ጎንበስ ካሉ ማንገቻው አንገትዎን ይቆርጥዎታል።»

ቆሙ። ቀና አሉ። እስከ መታጠፊያው ቀጥ ብለው ሲሄዱ አይቻለሁ። ከመታጠፊያው በኋላ እንዴት እንደሄዱ የእሳቸው ጉዳይ ነው፤ እኛ ዘወር ብለን ተራዋን ለምትጠብቀው ሴት ትከሻ መለካት ጀመርን።